የአልማድሮሳ የዳቦ ሰልፍ

ወደ አልማድሮሳ የገባነው በየካቲት ወር፣ ማክሰኞ ዕለት፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ስፔን እርስ በርሷ መዋጋት ከጀመረች ሰባት ወር አልፏታል። እኔ ከሰሜን፣ ከጋሊሲያ የተመለመልኩ የሃያ ሁለት ዓመት ወታደር ነበርኩ፤ በመንግሥት ላይ ባመፁት ጄኔራሎች በኩል። ለምን በእነሱ በኩል እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም። መንደራችን በእጃቸው ነበረች፤ ጠሩኝ፣ ሄድኩ።

ከተማዋን ተዋግተን የምንይዛት መስሎን ነበር። ኮረብታው ላይ ሆነን ግማሽ ቀን ስንጠብቅ አንድ ጥይት እንኳ አልተተኮሰብንም። ስንወርድ ሰው የለም። ትልቋ ከተማ ማላጋ በእጃችን መውደቋን የሰሙ ጊዜ፣ ከሁለት ቀን በፊት፣ ሕዝቡ የባሕሩን ዳር መንገድ ይዞ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አልሜሪያ ሸሽቷል። በሮቹ ብርግድ ብለው ተከፍተዋል። አንዱ ቤት የሽምብራ ወጥ ያለበት ድስት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ ጭልፋው ውስጡ እንዳለ። አንዲት በቅሎ ግቢ ውስጥ ታስራ ውሃ ጥም ሊገድላት ደርሷል። አሸዋው ላይ ከነበሩት ጀልባዎች የቀሩት የተሰበሩት ብቻ ናቸው።

መጀመሪያ ላይ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምናወራው፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው። ከሰዓት በኋላ ግን ሁሉም ሳቁን ለቀቀው። ሃምሳ አለቃ ባስቲዳ የልብስ ስፌት መኪናዎችን እያስለቀመ በካሚዮን አስጫነ። ጓደኛዬ ኮስሜ ጥልፍ ያለበት የሙሽራ አንሶላ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እንደ ጳጳስ ግራ ቀኙን ባረከን። ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ከአንድ ቤት መሳቢያ ውስጥ ጥሩ የሱፍ ካልሲ ወሰድኩ፤ እግሬ ቆስሎ ነበር። ይህን ትንሹን ነገር ያስቀደምኩት የባሰውን ለመናገር ጉልበት እንዲሆነኝ ነው።

አመሻሹ ላይ ሻምበል ኦርዱኛ አደባባዩ ላይ ሰበሰበን። ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ አንድም ቀን ጢሙን ሳይላጭ የማይውል ሰው ነበር።

«ከመሃላችሁ ዳቦ መጋገር የሚችል አለ?» አለ።

እጄን አነሳሁ። አባቴ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ እኔም ሊጥ ሳቦካ ነው ያደግኩት። እጄን ያስነሳኝ ግን የሙያ ፍቅር አልነበረም። ጋጋሪ ዘብ አይቆምም፤ ጋጋሪ ምሽግ አይገባም፤ በብርድ ወቅት ሞቅ ያለ ቦታ ይተኛል። ይኸው ነው።

ዳቦ ቤቱ ከወደቡ አጠገብ ባለው አደባባይ ጥግ ላይ ነው። ታች ምድጃውና መሸጫው፣ ላይ ደግሞ መኖሪያው። በሩን ስገፋው የኮመጠጠ ሽታ ተቀበለኝ። ሰዎቹ የሸሹት ሊጡን አቡክተው እንደጨረሱ ኖሯል፤ ቡሃቃውን ሞልቶ፣ ፈስሶ፣ ወለሉ ላይ ደርቋል። የምድጃውን ጡብ በመዳፌ ዳሰስኩት። ገና ለብ ይል ነበር። ሽርጡ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። አወረድኩና ታጠቅሁት፤ ትንሽ ብቻ ሰፋኝ።

ከደረቀው ሊጥ መሃል እርጥብ የቀረውን ፍቄ አወጣሁና በለብታ ውሃና በዱቄት አስታመምኩት። በማግስቱ ነፍስ ዘራ። እንግዲህ የጋገርኩት በሌላ ሰው እርሾ ነው። የተኛሁትም በሌላ ሰው አልጋ ላይ ነው። ትራሱ ላይ ረጅም የሴት ፀጉር ነበረበት። ገለበጥኩትና ተኛሁ።

ሐሙስ ጠዋት የመጀመሪያው ዳቦ ወጣ። ኮስሜ ትኩሱን እየገመጠ፣ «ኤቫሪስቶ፣ ጦርነቱ ሳያልቅ ከዚህ ቤት ከወጣህ ሞኝ ነህ» አለኝ። «እኔ ብሆን ምድጃዋን አገባታለሁ።»

አርብ ዕለት አንዲት አሮጊት ከተራራው ወረዱ። ብቻቸውን፣ በትር ይዘው፣ ዘበኞቹን እንዳላዩ አልፈው በቀጥታ ወደ ዳቦ ቤቱ መጡና በሩ ላይ ቆሙ።

«እማማ፣ ከየት መጡ?» አልኳቸው።

«ከላይ፣ ከዋሻው። ሽታው ነው ያመጣኝ፣ ልጄ። ጋስፓር የተመለሰ መስሎኝ።»

«ጋስፓር ማነው?»

የታጠቅሁትን ሽርጥ ተመለከቱ። «የዚህ ባለቤት» አሉ።

አንድ ዳቦ ሰጠኋቸው። እዚያው ቆመው፣ ጥርስ ስለሌላቸው ውስጡን እየቆነጠሩ በሉ። ዋሻው ውስጥ ብዙ ሰው እንዳለ ነገሩኝ፤ መንገዱን ከባሕር መርከብ፣ ከላይ አውሮፕላን ሲደበድበው መሄድ ያልቻለው ሁሉ ወደ ተራራው ተመልሷል። እየተናገሩ ሳለ ሻምበሉ ገባ። ይቆጣል ብዬ ፈራሁ። አልተቆጣም። የአሮጊቷን ክርን ይዞ ወንበር ላይ አስቀመጣቸውና ስድስት ዳቦ በጨርቅ አስቋጥሮ ሰጣቸው።

«ለሰዎቹ ይንገሩልኝ፣ እማማ። ወደየቤታቸው ይመለሱ። እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው የሚፈራው ነገር የለም። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት እዚህ ዳቦ ይታደላል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ከነገ ጀምሮ እጥፍ ጋግር» አለኝ።

ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ደስ አለኝ። ከዘመትኩ ጀምሮ እናቴ ብትሰማው የማላፍርበት ሥራ ስሠራ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቅዳሜ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች መጡ። ሰኞ ሰልፉ አደባባዩን ዞረ። መስኮቶች ተከፈቱ፣ ደጅ ተጠረገ፣ ጭስ ማውጫዎቹ መጨስ ጀመሩ። ስፌት መኪናዋን ያጣች ሴት የት ሄደ ብላ አልጠየቀችም። የራሳቸውን ብርድ ልብስ ወታደር ትከሻ ላይ ያዩ ሰዎች ዓይናቸውን ወደ ባሕሩ ያዞሩ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ሰልፉ ውስጥ አንዲት ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ቆመች። ፀጉሯ አቧራ ለብሷል፣ የገመድ ጫማዋ ተበጥሷል። ተራዋ ሲደርስ ዳቦውን ወስዳ ገለበጠችው።

«በግራ በኩል ያቃጥላል» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ምድጃው። በግራ በኩል ያቃጥላል፤ ግማሽ ሲበስል ዳቦውን ማዞር አለብህ። ይኸው፣ ታቹ አርሯል።»

«የቤቱ እመቤት እርስዎ ነዎት?»

«ሬሜዲዮስ እባላለሁ። ሽርጡ የባሌ ነው። ደረጃው ላይ የቆመው ቦቲ ያንተ ከሆነ ደግሞ አልጋዬም ላይ ተኝተሃል ማለት ነው።»

ከኋላዋ የቆመችው ሴትዮ፣ «ቶሎ በይ እንጂ፣ ሬሜ» አለቻት፣ «ቤትሽን ኋላ ትረከቢዋለሽ፤ እኛ ርቦናል።»

በዚያው ቀን ጓዜን አውርጄ ከዱቄት ጆንያዎቹ አጠገብ ተኛሁ። አንሶላዎቹን ሁለት ጊዜ ስታጥባቸው አየሁ። በማግስቱ ጠዋት ሳልጠራት ወርዳ እጇን ታጠበችና ከጎኔ ሆና ሊጥ መክፈል ጀመረች። ብዙ አታወራም። እኔ ስሳሳት ክርኔን በክርኗ ትገፋኛለች።

በዚያ ሳምንት ውስጥ ከሰልፉ ሰው መጥራት ተጀመረ። ሃምሳ አለቃ ባስቲዳ ቀስ ብሎ ወደ አንዱ ወንድ ይጠጋና፣ «ወዳጄ፣ ለአንድ ፊርማ ወደ ጉምሩኩ ቤት ብቅ በል» ይላል። ሰውየው ዳቦውን ብብቱ ሥር እንደያዘ ይከተለዋል። መጀመሪያ ሦስት፣ በማግስቱ አምስት። ከዚያ ሚስቶቻቸው ዓይናቸው አብጦ ብቻቸውን መምጣት ጀመሩ።

አርብ ከምሳ በኋላ ኮስሜን የውሃ ቧንቧው ጋ አገኘሁት። ቦቲውን በብሩሽ እያሸ ነበር።

«ፊርማው ምንድን ነው?» አልኩት።

ቀና አላለም። «ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት በላይ መጋረጃ ያለው መስኮት አይታይህም? ዶን ሴቬሪኖ እዚያ ነው የሚውለው፤ የስኳር ፋብሪካው አስተዳዳሪ የነበረው። ቀዮቹ፣ የመንግሥቱ ወገኖች፣ ከተማዋን ይዘው ሳለ ስድስት ወር ጓዳ ውስጥ ተደብቆ ኖሯል። አሁን ሰልፍህን ቁጭ ብሎ ያያል። ይሄ፣ ያ፣ እዚያ ጋ ያለው ይላል። ሻምበሉ ይጽፋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በማግስቱ ማለዳ በካሚዮን እንሄዳለን። ከኖራ ማቃጠያው በላይ ትልቅ የበለስ ዛፍ አለ፤ እዚያ።» ብሩሹን ውሃ ውስጥ ነከረ። «አንተ ዕድለኛ ነህ። አንተ ዳቦ ብቻ ነው የምትጋግረው።»

ስለዚህ ሬሜዲዮስ በጠየቀችኝ ቀን አውቅ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ሰው «እኛ ምን እናውቅ ነበር?» ሲል ሰምቻለሁ። እኔ አውቅ ነበር።

የጠየቀችኝ ቅዳሜ ነው፣ ሊጡ ላይ ጨርቅ እያለበሰች። «አንድ ሰው ቢመለስ፣ ዳቦ ከመጋገር በቀር ምንም ያልሠራ ሰው፣ ምን ያደርጉታል?»

«የት ነው ያለው?»

«የት እንዳለ አልጠየቅሁህም።»

«አላውቅም» አልኩ። «ልጠይቅልሽ።»

ሸሽቶ ይራቅ ማለት ነበረብኝ። ከዚህ የሚቀል ነገር አልነበረም፤ ቤቱ ውስጥ ከእኛ በቀር የሚሰማ አልነበረም። እኔ ግን ሽርጤን ፈትቼ ወደ ሻምበል ኦርዱኛ ሄድኩ። ሰርዲን እየበላ ነበር፤ አጥንቱን በጥንቃቄ ለይቶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ይደረድራል።

«ጋጋሪ ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ ጌታዬ። የቤቱ ባለቤት።»

«ለቀዮቹ ሲጋግር ነበራ።»

«ጋጋሪ ለመጣው ሁሉ ይጋግራል፣ ጌታዬ።»

ሳቀ። «እንዳንተ። ይምጣ እንጂ፣ ቃሌን ሰጥቼሃለሁ። ያግዝሃል።» ከዚያ አጥንት እየለቀመ፣ «ካልመጣ ግን» አለ፣ «ምድጃውን ለሚስቱ ሰጥቼ አንተን ወደ ምሽግህ ልመልስህ እችላለሁ። እሷም ሙያ አላት አሉኝ።»

ስመለስ ሬሜዲዮስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ሻምበሉ ቃል ሰጥቷል አልኳት። ፊቴን ረጅም ጊዜ አየችው።

«እናት አለችህ?»

«አለችኝ። ካሲልዳ ትባላለች።»

«በእሷ ማልልኝ።»

«በእናቴ በካሲልዳ፣ ምንም አይነኩትም» አልኩ።

ጋስፓር ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወረደ፤ ማገዶ ለቅሞ እንደሚመለስ ሰው የሸንኮራ ገለባ ተሸክሞ። ጎበጥ ያለ ትልቅ ሰው ነው፤ ክንዱ እንደ ሁላችንም ጋጋሪዎች ምድጃ የተኮሰው ጠባሳ አለበት። ሽርጡን ፈትቼ ሰጠሁት። «አንተ ታጠቀው፣ ለእኔ ጆንያ ይበቃኛል» አለና ጆንያ ወገቡ ላይ አሰረ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ማኤስትሮ፣ የሙያ ጌታ እንደ ማለት፣ እያልኩ ጠራሁት፤ አባቴንም የሥራ ሰዎች እንደዚያ ነበር የሚሉት።

ሦስት ቀን አብረን ጋገርን። በሕይወቴ ከእሱ የተሻለ ጋጋሪ አላየሁም። ሊጥ ስደበድብ እጄን ያዝ አድርጎ፣ «ማን ነው የሚያባርርህ?» ይለኛል። «እርሾው እንደሆነ አልቸኮለም።» አንድ ጊዜ በአገራችሁ ዳቦ ከምን ትጋግራላችሁ ብሎ ጠየቀኝ። ከአጃ ስለው፣ እኛን የጋሊሲያ ሰዎችን በሚጠሩበት ስም፣ «ለዚህ ነው ጋሌጎ ሁሉ ፊቱ የጠቆረው» አለና ሬሜዲዮስ ከላይ ሆና ስትስቅ ሰማናት። እሷ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስለ መስኮቱ ልነግረው ሦስት ጠዋት ነበረኝ። አፌ ላይ ይመጣል፣ እውጠዋለሁ። ሻምበሉ ቃል ሰጥቶ የለ፣ እል ነበር ለራሴ። በሦስተኛው ቀን ሰዎች ስሙን እየጠሩ ሲያስቸግሩት ራሱ ወደ መሸጫው ወጥቶ ዳቦውን አደለ። ሴቶቹ እጁን ጨበጡት፤ አሮጊቷ ጉንጩን ሳሙት። እኔ ቀና ብዬ ማዶ ያለውን መጋረጃ አየሁ። አልተንቀሳቀሰም። ያ አጽናናኝ።

አርብ ጠዋት፣ በሩን ሳንከፍት፣ ሃምሳ አለቃ ባስቲዳ ከሁለት ወታደሮች ጋር በጓሮ ገባ። አንዱ ኮስሜ ነበር።

«ማኤስትሮ ጋስፓር፣ ለአንድ ፊርማ።»

ጋስፓር እኔን አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ጥያቄ ብቻ ነበር። ጎንበስ ብዬ ምድጃው አፍ ውስጥ ያለውን እሳት ነካካሁ። እሱ የውሃ በርሜሉ ጋ ሄዶ እጁን ታጠበ፤ በጣቶቹ መሃል ያለውን ሊጥ አንድ በአንድ አስለቀቀው። ባስቲዳ ጠበቀው።

«የኋለኛው ረድፍ ዳቦ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይውጣ፤ አታስቆየው» አለኝ ጋስፓር፤ ከዚያ ከነሱ ጋር ወጣ።

አሥር ደቂቃ ጠብቄ አወጣሁት። ጥሩ ዳቦ ሆኖ ነበር።

ሬሜዲዮስ ወረደች። «የታለ?»

«ለፊርማ ጠሩት» አልኩ። ይህን ቃል እኔ ራሴ፣ በገዛ አፌ ተናገርኩት። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔ በሩን ከፍቼ ለሰልፉ አደልኩ።

እኩለ ቀን ላይ ወደ ሻምበሉ ሄድኩ። ጋስፓር በዚያ ሰዓት በሕይወት ነበር፤ ጉምሩኩ ቤት ውስጥ፣ ከቆምኩበት ሁለት መንገድ ርቆ። መንገዱን ሁሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስደግም ነበር፦ ጌታዬ፣ ቃል ሰጥተውኝ ነበር። ገብቼ ተረከዜን አጋጨሁ። ከወረቀቱ ላይ ቀና አለ።

«ምን ፈለግህ?»

«ዱቄት ሊያልቅብን ነው፣ ጌታዬ» አልኩ።

«ሰኞ ይመጣል» አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ወጣሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ካሚዮኑ ሲሄድም ሲመለስም ሰማሁት። ኮስሜ ዳቦውን ለመውሰድ አልመጣም፤ ሌላ ሰው ላከ። ከሰዓት በኋላ ፈልጌ አገኘሁት፤ ጠጥቷል። አሥራ ሁለት ነበሩ አለኝ። ከግንዱ ጀምሮ ሲቆጠር ጋስፓር ሦስተኛው ነው። «ምንም አላለም። ስትጠይቀኝ ነው የነገርኩህ፣ ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ።»

ሬሜዲዮስ በዚያው ቀን ቤቱን ትታ እህቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። እሑድ ጠዋት ሰልፉ ውስጥ አየኋት። ማንንም ሳትቀድም ተራዋን ጠበቀች። ፊቴ ስትደርስ ዳቦ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። ወደ ሰልፉ ዞረች።

«ይሄ ልጅ በእናቱ ስም ማለልኝ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ካሲልዳ ትባላለች።»

ከዚያ ሄደች። ከሰልፉ የወጣ ሌላ ሰው አልነበረም፤ የሚበሉት አልነበራቸውም። ቀጣይዋ ሴት መሬት መሬት እያየች እጇን ዘረጋች፣ ሰጠኋት። ከእሷም ቀጥሎ ያለው እንዲሁ።

ሌላ አምስት ሳምንት እዚያ ጋገርኩ። ከዚያ ጦራችን ወደ ሌላ ግንባር ተዛወረና ያም ሁሉ ሆኖ ምሽግ ገባሁ። ኮስሜ በበጋ ሞተ። እኔ ሳልቆስል ጦርነቱ አለቀ፤ አሸናፊ ተብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። መጋገር ግን አልቻልኩም። እንጨት መሰንጠቂያ ተቀጠርኩ። እናቴ ምን ነካህ እያለች ሁለት ዓመት ጠየቀችኝ፤ አንድ ቀን ሁሉንም ነገርኳት።

«በእኔ ስም?» አለች።

ከቤት ስወጣ ሁልጊዜ ትመርቀኝ ነበር፤ ከዚያን ቀን በኋላ እስክትሞት ድረስ አልመረቀችኝም።

እሷን በቀበርን በወሩ፣ አልማድሮሳን ከለቀቅሁ በሃያ ስድስተኛው ዓመት፣ በባቡርና በአውቶቡስ ተመልሼ ሄድኩ። ለሚስቴ ለሥራ ነው አልኳት። አሸዋው ላይ ሆቴል ይሠራ ነበር፤ ዳቦ ቤቱ የመጠጥ ቤት ሆኗል። ሬሜዲዮስን ጠይቄ የእህቷ ቤት ደጃፍ ላይ አገኘኋት፤ ባቄላ እየፈለፈለች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ደህና ዋሉ ስላት በድምፄ አወቀችኝ።

«ጋሌጎው» አለች።

«ልቀመጥ?»

«ቁም።»

ቆምኩ። ባቡር ውስጥ ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ። ግማሹን ከሰማች በኋላ እጇን አነሳች።

«ይቅርታ ልትጠይቀኝ ከሆነ ቆይ። መጀመሪያ እኔ ልጠይቅህ። የት እንዳለ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

ባቄላው ከእጇ ወደቀ። «የት?»

«ከኖራ ማቃጠያው በላይ፣ የበለስ ዛፉ ሥር። ከግንዱ ሦስተኛው ነው።»

«ይህን ያወቅኸው መቼ ነው?»

«በዚያው ቀን።»

«መጻፍ ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

የወደቀውን ባቄላ ከመሬት አነሳች። «ግማሹ ሰው ስኳር ፋብሪካው ጀርባ ነው ይለኛል» አለች። «ግማሹ በጀልባ ወስደው ባሕር ጣሏቸው ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት፣ በዓሣ አጥማጅ አገር፣ ዓሣ ቀምሼ አላውቅም። አንድ ደብዳቤ፣ አንተ ሰው። ስምህን ሳትጽፍበት።»

ስለ ጋስፓር ዘወትር አስብ ነበር። ስለ መሐላዬ አስብ ነበር፣ ስለ ራሴ አስብ ነበር። እሷ የት ብላ እየፈለገችው እንደሆነ ግን አንድም ቀን አላሰብኩም። ከሠራሁት ሁሉ ይልቅ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይኸ ነው።

ተነስታ ሻርፕዋን አደረገች። አብረን ወጣን፤ እኔ ፊት፣ እሷ ኋላ። ማቃጠያው ፈርሷል፤ ዛፉ ግን ነበር። ቦታውን በእግሬ ሳይሆን በእጄ አሳየኋት። አሥራ ሁለቱን ከግንዱ ጀምሬ ወደ ገደሉ ቆጠርኩላት።

«እሺ» አለች። «አሁን ሂድልኝ፤ ለቅሶ ስቀመጥ እንድታየኝ አልፈልግም። ከእሱ ጋር የነበሩት አሥራ አንዱ ሰዎች እዚሁ ከተማ ዘመድ አላቸው።» የእያንዳንዱን ስምና ቤት ነገረችኝ፤ በእርሳስ ጻፍኩ። «በራቸውን አንኳኩ። ይቅርታ አትጠይቅ፤ እሱን ለቄስ ትነግረዋለህ። ቦታውን ብቻ ንገራቸው።»

ሄድኩ። በመጀመሪያው ቤት አንድ ሽማግሌ ሰምተውኝ በሩን በቀስታ ዘጉብኝ። በሁለተኛው አንዲት ሴት ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝና ሦስት ጊዜ ደጋግማ አስነገረችኝ። በሦስተኛው የሟቹ ወንድም አንገቴን ያዘኝ፤ ከዚያ ለቀቀኝና አለቀሰ። በአራተኛው ቦታውን ነግሬ ወጣሁ። ከአምስተኛው ቤት ስወጣ ሁለት ፖሊሶች መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

ጣቢያው ውስጥ መታወቂያዬንና የዘማችነት ወረቀቴን አዩ። አዛዡ ወዲያው ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» ተሻገረ።

«እርስዎ የኛ ሰው ነዎት» አለኝ። «ሰላም ነው ያለነው። ያለፈ ነገር ምን ያደርግልዎታል? አውቶቡሱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ልጆቹ ይሸኙዎታል።»

ስድስት ቤት ይቀረኛል ማለት እችል ነበር። እንቢ ብል ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም፤ ምናልባት ምንም። አመሰግናለሁ ብዬ አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ።

ከከተማዋ ስንወጣ በመስኮቱ በኩል ጥቁር የለበሱ ሰዎች ሁለት ሦስት እየሆኑ ወደ ተራራው መንገድ ሲወጡ አየሁ። አጠገቤ የተቀመጠው መንገደኛ፣ «ዛሬ በዓል አለ እንዴ እዚህ?» አለኝ። ባርኔጣዬን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ የተኛሁ መሰልኩ።

ቤቴ ገብቼ ለቀሩት ቤቶች ስድስት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አሁንም ስሜን ሳልጽፍ። አንዱ፣ የመንደራችን ፖስታ ቤት ሴት የእጅ ጽሑፌን ስላወቀች ብቻ፣ «ተቀባዩ ሞቷል» ተብሎበት ተመለሰልኝ። የአምስቱን ነገር አላውቅም።